መጠጥ ብዬ የጻፍሁት

ጥቅምት ፳ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ባሕር ዳር

ይህን ደብተር የጣሊያኖቹ ቢሮ አስተርጓሚ ሰጠኝ። መስመሩ ሰማያዊ ነው፤ ወረቀቱ ቀለም ያፈሳል። ስድስት ዓመት ቅኔ ቤት ስኖር የራሴ የምለው አንድ ቅጠል አልነበረኝም፤ አሁን መቶ ቅጠል አለኝ። ልጻፍ እንግዲህ።

ከተመረቅሁ አራት ወር ሆነኝ። መምህሬ «ሂድ፣ የተማርኸውን አስተምር» ብለው ባረኩኝ። እስካሁን አንድ ሰው አላስተማርሁም። ያውራጃው የጣሊያን ሹም፣ ሬዚደንቴው፣ ላገሬው የሚልከውን ደብዳቤ በአማርኛ እጽፋለሁ። ቤት ያከራዩኝ መነኩሲት፣ እማሆይ ወለተ ኪዳን፣ «ለዚህ ነው የተማርህ?» ይሉኛል። ላንድ ሰሞን ነው እላቸዋለሁ። እውነትም ላንድ ሰሞን ነው። ጎንደር ላይ ግዕዝና አማርኛ የሚያስተምር ሰው ይፈለጋል፤ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ከደረስሁ ቦታው የኔ ነው። ሌሊቱን ሁሉ ስለሱ አስባለሁ። ተማሪዎቼን በስም እጠራቸዋለሁ፣ ሳላውቃቸው።

የየብሱ መንገድ አይሆንም። ሬዚደንቴው «ሽፍታ አለ» ይላል፤ እማሆይ «ልጆቻችን አሉ» ይላሉ፤ እኔ ዝም እላለሁ። የቀረው ውሃው ነው። ጓደኛዬ ዩሱፍ፣ ቀዛፊው፣ ጎርጎራ ድረስ አደርስሃለሁ ብሎኛል።

ዛሬ ግን አዋጅ ተነበበ። የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከኅዳር መጨረሻ ወዲያ ወረቀት የሌለው ታንኳ ከደብረ ማርያም ደሴት አልፎ አይሄድም። ወረቀቱ ሦስት ብቻ ነው። ኅዳር ፳፭ ቀን ክብራን ደሴትን ዞረው ከሚመለሱት ቀዛፊዎች ቀድመው ለገቡት ሦስቱ ይሰጣል። ሬዚደንቴው ባገሩ የጀልባ እሽቅድምድም ይወድ ነበር አሉ።

በዚህ ዳር እህልና እንጨት እየጫኑ የሚያድሩ ቀዛፊዎች አርባ ናቸው። ሠላሳ ሰባቱ ምን ይሆናሉ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ስጽፍ ያሰብሁት ስለ ፊደሌ ማማር ነበር።


ጥቅምት ፳፫

ሸህ አብዱልወሃብ ዘንድ ተላክሁ። የወደቡ ሽማግሌ ናቸው፤ ታንኳ ይሠራሉ፤ ልጃቸውን ሙኒራን ያገባው ዩሱፍ ነው። የእሽቅድምድሙን ሕግ ከሳቸው ተቀብለህ ጻፍ ተብዬ ነው የሄድሁት። ደንገል ያስሩ ነበር፤ እያናገሩኝ እጃቸው አላረፈም።

«ሕጋችን አጭር ነው፣ ልጄ። ጻፍ። የጓደኛውን ታንኳ የገፋ ይወጣል። ጉልበት ፍለጋ ሥርም ሆነ ቅጠል የቀመሰ አንድ ወቅት ከውሃ ይቀመጣል። ጠጥቶ የቀዘፈ ግን ዕድሜውን ሙሉ መቅዘፊያ አይነካም፤ ታንኳውም ይቆረጣል።»

«የኋለኛው ለምን እንዲህ ከፋ?» አልኋቸው።

«ሥር የቀመሰው ጓደኛውን ቀደመ፤ ሌላ ምን አደረገ? የሰከረው ግን ሰው ይዞ ይሰጥማል። ደግሞስ እኛ እስላም ነን።»

ጽፌ አነበብሁላቸው። «ጠጥቶ ብቻ አትበል» ብለው አረሙኝ። «ውሃ የጠጣውን ልትከለክልብኝ ነው? መጠጥ ጠጥቶ በል።» ሳቅን። መጠጥ የሚለውን ጨመርሁ።


ጥቅምት ፳፱

ጎሕ ሲቀድ ከዩሱፍ ጋራ ውሃ ላይ ነበርሁ። ረመዳን ነው፤ ሱሑሩን በልቶ ፀሐይ ሳይበረታ ይለማመዳል። እኔን በሸክም ፈንታ አስቀመጠኝ።

«ከጫንሁት ሁሉ የተማረ ሰው ይከብዳል» አለኝ።

«ለምን?»

«ማሽላ ዝም ይላል።»

ቡርሀን ባጠገባችን አለፈ። ከዩሱፍ ቀጥሎ ስሙ የሚነሣ ቀዛፊ ነው። «ዩሱፍ፣ ደብተራህን ውሃ ውስጥ ጣለውና ና እንተያይ» አለ። ዩሱፍ «ከጣልሁትማ ግዕዝ እየደገመ ዓሣውን ሁሉ ያባርርብናል» ሲል መለሰለት።

ጎርጎራ መቼ እንደምንሄድ ጠየቅሁት። «አሁን ጾምና ልምምድ ነው፤ ወረቀቱ ይያዝና» አለኝ። «ሦስተኛ ብወጣ ይበቃኛል። ወረቀት ስንተኛ ወጣህ ብሎ አይጠይቅም።» ክንዱን አየሁ። ሦስተኛማ አይወጣም፤ አንደኛ ነው።


ኅዳር ፭

ዩሱፍን ንዳድ ያዘው።


ኅዳር ፯

አልለቀቀውም። ሙኒራ «ጾሙን ፍታ ብለው እምቢ አለ» ትላለች። ቢሮ ሥራ በዛ። ስለ ጎንደሩ ቦታ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ መልስ የለም።


ኅዳር ፲፪፣ ሚካኤል

ከቅዳሴ ስወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ያወራሉ።

«ያ ጸሐፊው ነው?»

«እሱ ነው። ቅኔ ይዘርፋል ይላሉ።»

«እነዚያም ይዘርፋሉ። ተገናኙ እንግዲህ።»

ፊቴን አላዞርሁም። ቀልዱ ግን ጥሩ ነበር፤ ቅኔ ቤት ቢሆን ያስመሰግን ነበር።


ኅዳር ፲፬

ኢድ ነው። ዩሱፍን ልጠይቅ ሄድሁ። ንዳዱ ለቆታል፤ ሰውነቱን ግን ይዞት ሄዷል። ከመደቡ ሲነሣ ግድግዳ ያዘ። ሸህ አብዱልወሃብ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። «አሥራ አንድ ቀን አለው፤ ይበረታል» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

እኔም ቀኑን ቆጠርሁ።


ኅዳር ፲፰፣ እሑድ

ሙከራ ነበር፤ ደብረ ማርያም ደርሶ መልስ። ዩሱፍ አሥራ አንደኛ ገባ። ቡርሀን አልቀለደበትም። ይህ ከቀልዱ ይብሳል።

አስተርጓሚው ማታ እንዲህ አለኝ፦ «ከጎንደር መልስ መጥቷል። ሌላም ሰው አለ፤ ቀድሞ የደረሰው ይቀጠራል ብለዋል።» ከዩሱፍ በቀር ማን ይወስደኛል? ሌሎቹ ጸሐፊ አይጭኑም፤ ወረቀት ቢያገኙም አይጭኑኝም። ይህን አውቃለሁ።

ያሳዘነኝ ግን የዩሱፍ ነገር ነው። ወረቀት ካላገኘ ከቆላ ድባ የሚያመላልሰው እህል ቀረበት፤ ሚስቱን በምን ሊያኖር ነው? ለሱ አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ።


ኅዳር ፳፪

ከቅኔ ቤት ይዤው የመጣሁት ጥቂት አብሾ አለኝ። በጨርቅ ቋጥሬ ከዳዊቴ ጋራ ባንድ ማኅደር አስቀምጬዋለሁ።

አብሾ የጠንቋይ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ትምህርት አልያዝ ያለው ልጅ የዚህን ዕፅ ዘር አድቅቆ ይጠጣል፤ ሦስት ቀን ጨለማ ቤት ይዘጋበታል፤ ይቃዣል፤ ሲወጣ አእምሮው እንደ ስለት ይሆናል። ድካምም ፍርሃትም አያውቀውም ይላሉ። ዩሱፍ የጎደለው ይኸው አይደለም? ጉልበቱማ አለ፤ የደከመው ልቡ ነው።

ልክ አለው። ልኩን አውቃለሁ። ሙሉው ልክ ጨለማ ይፈልጋል፤ ግማሹ ግን አይፈልግም ብዬ አስባለሁ። ግማሽ የጠጣ ሰው አላየሁም። ቢሆንም በሒሳብ ስናየው እንዲያ ነው።

ሕጉ «ጉልበት ፍለጋ» ይላል። ይኸ ደግሞ ከበሽታ ማገገሚያ ነው። ሕጉን የጻፍሁት እኔ ስለሆንሁ አውቀዋለሁ።


ኅዳር ፳፬፣ ቅዳሜ

እማሆይን ማር ለመንኋቸው።

«ምን ሊሆንህ?»

«ብርዝ ልበጠብጥለት፣ ለታመመ ሰው።»

«ክርስቲያን ነው?»

«እስላም ነው።»

«እስላምም ይታመማል» ብለው ቆርጠው ሰጡኝ። ከደጅ ጠርተው መልሰውኝ ጨመሩልኝ። ያ የጨመሩልኝ ነገር እስካሁን ይከብደኛል።


ኅዳር ፳፭፣ እሑድ፣ ከእሽቅድምድሙ በፊት

ሰጠሁት። «ምንድን ነው?» አለኝ። «መድኃኒት» አልሁት። «የንዳድ?» «የድካም።» ቢስሚላህ ብሎ ጨለጠው። «ብርዝ ብርዝ ይላል» ብሎ ሳቀ። ከንፈሩን ጠረገ። ሄደ።

መድኃኒት አይደለም የሚል ይኖራል? ቃሉ እውነት ነው።


ያው ቀን፣ ማታ

እንደ ነበረ ልጽፈው።

ሬዚደንቴው ጃንጥላ ተይዞለት ተቀመጠ። እኔ ከጎኑ በጠረጴዛ፣ የአርባውን ስም ይዤ። ተለቀቁ። ዩሱፍ መጀመሪያ ከመካከል ነበር፤ ከዚያ ከክብራን ጀርባ ተሰወሩ፤ ረጅም ጊዜ ውሃው ባዶ ሆነ። አስተርጓሚው ሲጋራ ለኮሰ። ሁለተኛውን ሊለኩስ ሲል አንድ ታንኳ ብቻዋን ብቅ አለች።

ዩሱፍ ነው። ከኋላው ማንም የለም። ሰው ሁሉ ተነሣ። እኔም ተነሣሁ፤ እልል ማለት ቃጣኝ። እንዲህ ያለ አቀዛዘፍ ማንም አላየም። ሸህ አብዱልወሃብ ግን አልተነሡም። «ይኸ ልጅ አይተነፍስም» አሉ።

የመግቢያውን ችካል አለፈ። አላቆመም። ታንኳው ደረቁ ላይ ወጥቶ ተሰነቀረ። እሱ ግን ወርዶ፣ መቅዘፊያውን እንደ ያዘ፣ ሣሩን መቅዘፍ ጀመረ። በዚያ በሣሩ ላይ ወደ ገበያው ቀዘፈ። ማንም በሌለበት ቦታ እየቆመ «ወአለይኩሙ ሰላም፣ ወአለይኩሙ ሰላም» ይላል፤ ሰላም የሚለው ሰልፍ ሙሉ ሰው የሚያይ ይመስል። ዓይኑ ጥቁሩ ብቻ ቀርቶ ነበር። አንዳንዱ ሳቀ። ሬዚደንቴው በጣም ሳቀ።

ቡርሀን ነው ደርሶ ያቀፈው። ሦስት ሰው ሆነው ያዙት። ከዚያ ቡርሀን አፉን አሸተተና ቀና አለ። «ማር ማር ይሸታል» አለ፣ ቀስ ብሎ። ከኋላ አንድ ሰው «ጠጅ ነዋ» አለ። ሙኒራ ሻሽዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

በዝርዝሩ ላይ «፩ኛ ዩሱፍ» ብዬ ጽፌ ነበር። ቀለሙ ሳይደርቅ እጄን አሳርፌበት አበላሸሁት።

ግማሽ ልክ ነው የሰጠሁት። ግማሽ። ምናልባት ፀሐዩ ነው። ፀሐይ ማየት የለበትም ይላሉ፤ ረሳሁት ማለት አልችልም። ለሱ ብዬ ነው ግን።


ኅዳር ፳፮

እየቃዠ አደረ አሉ። አልሄድሁም። ሥራ ነበር።


ኅዳር ፳፯

ከወደቡ ሾላ ሥር ተቀመጡ። ሸህ አብዱልወሃብና አራት ሽማግሌዎች፤ አስተርጓሚው ለሬዚደንቴው የሚወስደውን ቃል ሊቀበል፤ እኔ ልጽፍ። ዩሱፍ ነቅቷል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ብርሃን ዓይኑን ይወጋዋል። መቅዘፊያውን ከፊቱ አጋድመውበታል።

«ምን ጠጣህ?» አሉት ሸህ አብዱልወሃብ። አማቻቸውን ሳይሆን አንድ እንግዳ ሰው የሚጠይቁ ይመስላሉ።

«ብርዝ። መድኃኒት ያለበት ብርዝ።»

«ብርዝ ሰው ያሳብዳል?»

«አያሳብድም።»

«እንግዲያ ምን ነበረበት?»

ዩሱፍ አልተቆጣም፤ አልተማፀነም። ወደኔ ተመለከተና ዝም አለ። ከማን ተቀበልህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ ብርዝ ያልተበጠበጠበት ቤት የት አለ?

አስተርጓሚው ሰዓቱን አየ። «ሬዚደንቴው ተረት አይፈልግም። ሰከረ ወይስ አልሰከረም? ባንድ ቃል ይጻፍ።»

ያን ጊዜ ሸህ አብዱልወሃብ ወደኔ ዞሩ። «ወልደ ሐዋርያት፣ ልጄ፣ ቃል የምታውቀው አንተ ነህ። ማር ያለበት ነው፤ ይጠጣል፤ ሰው ያሳብዳል። ምን ይባላል?»

ሁሉም አዩኝ። ዩሱፍም አየኝ፤ ምስክሩ እንደመጣለት ሰው ነበር አስተያየቱ።

አብሾ ብል የቅኔ ተማሪ በዚህ ወደብ እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ ማን ያመጣዋል? ሰው መረዘ ይሉኛል። ቢሮው ያባርረኛል፤ ወይም ከዚያ የባሰ።

«መጠጥ» አልሁ።

«ጻፈዋ» አሉ ሸህ አብዱልወሃብ።

ጻፍሁት። የሚጠጣ ሁሉ መጠጥ ነው። ሰዋስው ቢጠየቅ ያጸድቀኛል። ስድስት ዓመት አንድ ቃል ሁለት ሆኖ እንዲቆም ሳደርግ ነው የኖርሁት፤ በውጭ አንዱን፣ በውስጥ ሌላውን። መምህሬ ይህን ሲሰሙ «ይበል» ይሉ ነበር። ዛሬ ይበል ያለኝ የለም።

ፍርዱ ሕጉ እንዳለው ሆነ። ዕድሜ ልኩን መቅዘፊያ እንዳይነካ፤ ታንኳውም እንዲቆረጥ። ዩሱፍ «እሺ» ብቻ አለ። ወረቀቱን ቡርሀንና ሌሎች ሁለት ወሰዱ።


ኅዳር ፳፰

እማሆይ «ያ በሽተኛ ዳነ?» አሉኝ። «ድኗል» አልኋቸው።


ታኅሣሥ ፫

ታንኳውን ዛሬ ቆረጡት። የቆረጡት ራሳቸው ሸህ አብዱልወሃብ ናቸው፤ የሠሩትም እሳቸው ነበሩ። ማሰሪያውን በማጭድ በጠሱት፤ ደንገሉ ተበታትኖ ውሃው ላይ ቀረ። ለምን እንደሄድሁ አላውቅም። አንዱ ቀዛፊ «ጸሐፊው ይህንንም ይጽፋል?» አለ። ሌላው «ካልጻፈማ አልሆነም ማለት ነው» አለው።


ታኅሣሥ ፮

ዩሱፍ በመሸንቲ በኩል ለሚሠራው መንገድ ድንጋይ ይሸከማል አሉ። ውሃ በማያይበት ቦታ ማለት ነው። ሰዎቹ ሰካራሙ እያሉ ይጠሩታል። አንድ ቀን በምራቁ እንኳ ጠጅ ያልነካ ሰው።

ለሱ ብዬ ነበር። ይህን ስንት ጊዜ ጻፍሁት? ወደኋላ ገልጬ አልቆጥርም።


ታኅሣሥ ፱፣ እሑድ

ቅዳሴ ቆሜ አንድ ነገር ታሰበኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ማሰብ አልቻልሁም።

ጥቅምት ላይ ዩሱፍ «እናንተ ተማሪዎች የምትጠጡት ነገር አለ ይባላል፤ አንተም ጠጥተሃል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አልጠጣሁም አልሁት። ጠጥቻለሁ። በሦስተኛው ዓመት፣ ቅኔ አልሞላልኝ ሲል፣ ጓደኞቼ ወደ ፊት ሲያልፉ እኔ ወደኋላ ስቀር። ሦስት ቀን ጨለማ ቤት ተኛሁ፤ አንድ ታላቅ ተማሪ ደጁን ይጠብቅልኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የዘረፍሁትን ሁሉ ሰው አደነቀ። መምህሬም አመሰገኑኝ። ያወቁ ይመስለኛል። ማንም አልቀጣኝም፤ ማንም ታንኳዬን አልቆረጠም።

እኔ በጠጣሁት ተመረቅሁ፤ እሱ በጠጣው ታገደ። እኔ የምጠጣውን አውቄ ነው። እሱ አላወቀም።

ለሱ ደጁን የጠበቀለት ማን ነው?


ታኅሣሥ ፲

ቡርሀን ዓርብ ወደ ጎርጎራ ይሄዳል። ይዞኝ እንዲሄድ አስተርጓሚው አዘዘው። «ትእዛዝ ከሆነ እሺ» አለ፤ ፊቴን ሳያይ። እንግዲህ መንገዴ ተከፈተ። ዕቃዬ አንድ ማኅደር ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።


ታኅሣሥ ፲፩

ሙኒራ ቢሮ ደጅ መጥታ ጠበቀችኝ። «ዩሱፍ አቤቱታ ጻፍልኝ ብሏል» አለችኝ።

«እኔ?»

«አንተ።»

«ሌላ ጸሐፊ አላገኘም?»

«ገበያው ሙሉ ጸሐፊ ነው። አንተ ጻፍ ነው ያለው። ሐሙስ ከመንገድ ሥራ ይመለሳል» ብላ ሄደች።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ እሄዳለሁ። ሐሙስ ብቻ አለ።


ታኅሣሥ ፲፫፣ ሐሙስ

ከሰዓት በኋላ መጣ። መዳፉ ቆስሏል፤ መቅዘፊያ ያላቆሰለውን ድንጋይ አቁስሎታል። «እንዴት ዋልህ፣ ወልዴ» አለና ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ወረቀትና ቀለም አወጣሁ፤ ጻፍሁና አነበብሁለት።

«እኔ ዩሱፍ ኅዳር ፳፭ ቀን የጠጣሁት መጠጥ አይደለም። አንድ ሰው መድኃኒት ነው ብሎ በብርዝ የበጠበጠልኝ ነው…»

«አንድ ሰው» አለ ዩሱፍ። «እሱ ሰውዬ የት ነው የሚኖር?»

ብዕሬን ቀለም ነከርሁ።

«የዚህ አገር ሰው ነው? ካወቅኸው ንገረኝ፤ ሄጄ ላናግረው።»

ወረቀቱን ቀደድሁት። ሌላ አወጣሁ። ይህን ጊዜ አብሾ የሚለውን ጻፍሁ፤ የተበጠበጠው በማን እጅ እንደሆነ ጻፍሁ፤ ስሜን ጻፍሁ። ኅዳር ፳፯ ቀን በሾላው ሥር «መጠጥ» ያልሁት እያወቅሁ እንደሆነም ጻፍሁ። አነበብሁለት።

«ያችን የመጨረሻዋን ድገማት።»

ደገምሁለት።

«አንዴ ጨምርልኝ።»

ደገምሁለት።

ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። ከዚያ «ስምህን ያልጠራሁት ፈርቼልህ ነው» አለ። «እኔ ብጠራው ነጮቹ ሰው መረዘ ብለው ይሰቅሉሃል አልሁ። ራስህ ብትናገር ግን ይቀልልሃል፤ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ወላሂ ሾላው ሥር ስታየኝ አሁን ተናገረ ብዬ ነበር።»

«ለአንተ ብዬ ነው የሰጠሁህ» አልሁት።

«ለኔ ነው ወይስ ለጎርጎራ?»

መልስ እንደማይጠብቅ ሁሉ ተነሣ። «ሥር አለበት ብትለኝ ኖሮ አልጠጣም ነበር» አለ። «ሦስተኛ ባልወጣም ዓለም አያልቅብኝም ነበር። በጾም አፌ ምራቄን እየዋጥሁ የተለማመድሁት ለሚቀጥለውም ዓመት ነበር።»


ታኅሣሥ ፲፬

ቡርሀን ከጎህ በፊት ደጁን መታ። አልሄድም አልሁት። «ትእዛዝ ነው ተብዬ ነበር» አለ። «ትእዛዙ ቀርቷል» አልሁት። «ወይስ እስክትነሣ ልጠብቅህ?» አለኝ። አይ አልሁት። የሚቀዝፍበት ድምፅ እስኪጠፋ ደጁ ላይ ቆምሁ።


ታኅሣሥ ፲፯፣ ሰኞ

አቤቱታውን ሰጠሁ። አስተርጓሚው አንብቦ «አብደሃል እንዴ? አሁን ማን ጠየቀህ?» አለኝ። «ማንም።» «ያልተጠየቁትን መመለስ የት ተማርህ?» ገብቶ ለሬዚደንቴው ነገረው። የሳቅ ድምፅ ሰማሁ። ሲወጣ እንዲህ አለኝ፦ «የቄስ መድኃኒት ጠጥቶ መሬት ቀዘፈ ነው ያለው፤ ደስ ብሎታል። ወረቀቶቹ ግን አይለወጡም። የቀዛፊው ነገር የሽማግሌዎቹ ነው፤ እነሱ ይጨርሱት። አንተ ነገ አትምጣ። የጎንደሩንም እርሳው።»

ይኸው ነው። አሥር ጅራፍ ጠብቄ ነበር የሄድሁት። አለመምታታቸው ለምን እንዳሳፈረኝ አላውቅም።

ለእማሆይ ሁሉን ነገርኋቸው። ረጅም ጊዜ መቁጠሪያቸውን ቆጠሩ። «ማሩ የኔ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እርስዎ ምን አደረጉ?» አልኋቸው። «ለታመመ ሰው ብዬ ነው የሰጠሁ» አሉ። «እውነትም ለታመመ ነው። የታመመው ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ።»


ታኅሣሥ ፳፩፣ ዓርብ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሾላው ሥር ተሰበሰቡ። ሳልጠራ ሄድሁ፤ ያባረረኝ የለም። አቤቱታውን ራሴ አነበብሁት። «አብሾ» ስል ከቀዛፊዎቹ አንዱ ለጓደኛው «ይኸ እኮ የዜማ ቤቱ ነው» ሲል ሰማሁ፤ ጓደኛው «የቅኔ ቤቱ ነው፣ ዝም በል» አለው።

ሸህ አብዱልወሃብ ብዙ አላወሩም። «መጠጥ አይደለም» አሉ። «የዕድሜ ልኩ ፍርድ ተነሥቷል። ማንም ዩሱፍን ሰካራም ቢለው እኔን ነው የሰደበ።» ከዚያ ቀጠሉ። «ነገር ግን ምንድን ነው ብሎ አጥብቆ ሳይጠይቅ ጠጣ። ጓደኞቹንም ቀደመበት። ስለዚህ አንድ ወቅት፣ እስከሚመጣው መስከረም፣ ከውሃ ይቀመጣል። ወረቀትም ቢሰጡት አይቀዝፍም።»

«እሺ» አለ ዩሱፍ። ይኸ እሺ የመጀመሪያውን አይመስልም። ቡርሀን ሄዶ ከጎኑ ተቀመጠ።

ሊነሡ ሲሉ «እኔስ?» አልሁ።

«አንተ ምን?»

«የኔስ ፍርድ?»

ሸህ አብዱልወሃብ አዩኝ። «አንተ ቀዛፊ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያ ላንተ ሕግ የለንም። ሕጋችን ለቀዛፊ ነው። ራስህ ጽፈኸው የለም?»

«እርስዎ ያሉትን ይቅጡኝ። ምንም ይሁን።»

«በምን ልክ?» አሉኝ። «ሥር ለበላ ልክ አለኝ። ለሰከረም ልክ አለኝ። የሰው አፍ ውስጥ አስገብቶ፣ ቀጥሎ ስሙን ለወሰደ፣ ልኩን አላውቅም። ልኩን ሳላውቅ ብቀጣህ ግፍ ነው፤ እንደ ነጮቹ ሆንሁ ማለት ነው። ምንም አይደል ብልህ ደግሞ ዩሱፍን በደልሁ። ላስብበት። ሳውቀው እጠራሃለሁ።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያማ ደኅና ሁን» አሉኝ።


ታኅሣሥ ፳፬

አልተጠራሁም። ገበያ ላይ ደብዳቤ ለሚያጽፍ እጽፋለሁ። የሚመጣው ጥቂት ነው። አንዲት ሴት ጻፍልኝ ብላ ተቀመጠችና ማንነቴን ሲነግሯት ተነሥታ ሄደች። እውነቷን ነው።


ታኅሣሥ ፴

ቡርሀን ከጎርጎራ ተመለሰ። የጎንደሩ ቦታ ለሌላው ሆኗል። ይህን ሲነግረኝ የከፋኝ መስሎት ነበር፤ «አይዞህ» አለኝ። ከፍቶኝ ነበር፣ ልዋሽ አልፈልግም። ከዚያ መክፋቴ ራሱ አሳፈረኝ።


ጥር ፲፬

ጧት ጧት በወደቡ በኩል አልፋለሁ፤ ሌላ መንገድ እያለኝ። ሸህ አብዱልወሃብ አዲስ ታንኳ ይዘዋል፤ የማን እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ አፍ አውጥቶ የሚል ግን የለም። ዩሱፍ አጠገባቸው ሆኖ ደንገሉን ያቀብላል፤ ውሃው ጫፍ ሲደርስ ቆም ይላል፣ እግሩን አያስነካም። ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል። ሰላምታ ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

«ደኅና አደርህ» አሉኝ ሸህ አብዱልወሃብ።

«እግዜር ይመስገን። እርስዎስ ደኅና አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ቆምሁ። ቀና ብለው አዩኝ፤ የሚያስቡ መሰሉኝ። ከዚያ ማሰሪያውን በጥርሳቸው ይዘው አጠበቁና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ዛሬም አልጠሩኝም።